ከፋላ ምንድን ነው?

ዋስ ማለት የሰውን ዕዳ በራሱ ላይ የሚሸከም ሰው ነው። አንተ ከጠፋህ እሱ ይያዛል። ከፋላ የሚለው የዓረብኛ ቃልም ዋስትና ማለት ነው። በእስልምና ሕግ ለሰው ዕዳ መዋስም፣ ወላጅ አልባ ልጅን ወስዶ ማሳደግም ከፋላ ይባላል። ደግ ቃል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ የውጭ ሠራተኞች አሠራር ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዋሱ እንደልቡ ይሆናል፤ የሚታሰረው ዋስ የተጠራለት ሰው ነው።

ሠራተኛው ቪዛ የሚያገኘው በአሠሪው ስም ነው። አሠሪው ከፊል ይባላል። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ማለትም ኢቃማውን፣ የሚያወጣለትም የሚያሳድስለትም እሱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ ለመቀየር የከፊሉ ፈቃድ ግድ ነበር። በአንዳንዶቹ አገሮች ከአገር ለመውጣትም እንደዚያው። መንግሥት ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ የሚልበትን ሥልጣን ቆርሶ ለአንድ ግለሰብ ሰጠ ማለት ነው።

እንበል አንዲት የቤት ሠራተኛ የሦስት ወር ደመወዝ ቀረባት። ሌላ ሠራተኛ ብትሆን ትከሳለች፣ ወይም ትታ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። እሷ ግን የምታድረው መዳም ቤት ነው። ፓስፖርቷ መዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በሳዑዲም በኳታርም የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕግ ክልክል ነው፤ ግን ተቆልፎበታል። በሩን ከፍታ ብትወጣ ከፊሉ «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያስመዘግባል። በሳዑዲ ይሄ ሁሩብ ይባላል። ያኔ ገንዘቧን የተነጠቀች ሠራተኛ መሆኗ ቀርቶ ሕገወጥ ነዋሪ ትሆናለች። ፖሊስ ጋ ለአቤቱታ ብትሄድ ራሷ ልትያዝ ትችላለች። የደመወዝ ጠብ የኢሚግሬሽን ወንጀል ሆነ። የከፋላ ዋናው ጉዳት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ከፊል የገጠማቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ግን ደመወዝ በዕድል የሚገኝ ነገር መሆን የለበትም።

ፍሪ ቪዛ የሚባለውም ያው ነው። በስም ከፊል የሆነው ሰው ገንዘብ ይቀበላል፣ ሠራተኛው ሌላ ቦታ ይሠራል። ነፃ የሚመስለው ከፊሉ እስካልተቆጣ ድረስ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፣ እንደ ሌሎቹ ዓመታት ሁሉ) የነዳጅ ገንዘብ ሲጎርፍ አገሮቹ ብዙ ጉልበት ፈለጉ። ሰዎቹ ሠርተው እንዲሄዱ እንጂ እንዲቀሩ አልፈለጉም። ዛሬ በኳታርና በኤምሬቶች ከ10 ነዋሪ 9ኙ ገደማ የውጭ ሰው ነው።

ለውጥ አልመጣም አይባልም። ኳታር በ2020 ሥራ ለመቀየር የከፊል ፈቃድ እንዲቀር አደረገች፣ የቤት ሠራተኞችንም ጨምራ። ሳዑዲ በ2021 ደንቧን አላላች፤ የቤት ሠራተኞች ግን አልተካተቱም። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ሠራተኛ ብሎ አይቆጥርም። ሰው በማያያት ቦታ የምትሠራው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ናት።

ኢትዮጵያ በ2013 ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደች። እገዳው እስከ 2018 ቆየ። በሩ ሲዘጋ ሰው በጅቡቲና በየመን በኩል በደላላ መሄዱን ቀጠለ፤ ያለ ኮንትራት፣ ያለ ኢቃማ። አሁን ሕጉ የሚፈቅደው የሥራ ስምምነት ወደተፈረመባቸው አገሮች መሄድን ነው። ይሄ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚያውቃት አካል አለ። ስምምነቱ ግን ኢቃማው በማን ስም እንደሚወጣ አይቀይርም። ስለዚህ እህትሽ ኤጀንሲ ቢሮ ስትገባ ስለ ደመወዙ ብቻ ጠይቃ እንዳትወጣ። ሥራውን ብተው ኢቃማዬ ምን ይሆናል ትበል።