«ይህ ዳቦ እንዴት ይመራል!» የሚለው የናፖሊዎች አባባል

በጣልያኗ ናፖሊ ከተማ የሚሠራ ወዳጄ ሰሞኑን ስለ ደመወዙ ሲያማርር «ኮሜ አማሮ ስቱ ፓነ» አለኝ። ይህ ዳቦ እንዴት ይመራል እንደ ማለት ነው። የአገሬው ልጆችም ክፍያ ሲያንስና ሥራ ሲከብድ እንዲሁ ሲሏት እሰማለሁ፤ በጣም ነው የሚያናድደኝ። አባባሏ የስደት እንጂ የገንዘብ ጉዳይ አይደለችም።

የምትገኘው «ላክረሜ ናፑሊታነ» ከሚባለው የ1925 ዘፈን ውስጥ ነው። ግጥሙ የሊቤሮ ቦቪዮ፣ ዜማው የፍራንቼስኮ ቦንጆቫኒ ነው። አሜሪካ ለጣልያኖች በሯን በኮታ ሕግ ይበልጥ ያጠበበችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ አሜሪካ ተሰዶ የቀረ አንድ አባት የገና በዓል ሲቃረብ ናፖሊ ላለችው እናቱ ይጽፋል። ሚስቱ ልጆቹን ትታ ሄዳለች፣ ትንሿ ልጅ እናቷን ትጣራለች። ልጆቹ ከፈለጓት ትመለስ፣ እኔ ግን እዚሁ ቀርቼ ለሁላችሁም እሠራለሁ ይላል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ዶላር አለው! ዶላር ይዞም እንደ ዛሬ ደህይቼ አላውቅም ነው የሚለው።

የሚናፍቀው ደግሞ ዛምፖኛሮ መስማት ነው። ዛምፖኛሮዎች ለገና ከአብሩዞና ከሞሊዜ ተራሮች ወደ ናፖሊ የሚወርዱ እረኞች ናቸው፤ የበግ ለምድ ደርበው፣ የጫማቸውን ጠፍር እስከ ባታቸው ጠምጥመው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። አንዱ ከሙሉ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ የተሠራውን፣ ዋሽንት የተሰካበትን ስልቻ በብብቱ አቅፎ እየነፋ ይጫወታል፣ ሌላው ቻራሜላ የምትባል አጭር የእንጨት መሣሪያ ይዞ ያጅበዋል። ከገና በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት በየመንገዱ ጥግ ካሉት የማርያም ሥዕሎች ፊት ቆመው ይነፋሉ። በየቤቱም የልደቱ ግርግም ይሠራል። አባትየውም ለልጆቼ ግርግሙን ሥሩላቸው፣ በዋዜማው ማታ የእኔንም ሳህን ገበታው ላይ አስቀምጡ ብሎ ይለምናል።

አባባሏን ከአገሩ ተሰዶ ከኖረው ከጥንቱ የጣልያን ባለቅኔ ከዳንቴ ጋር ሊያያይዛት የሚፈልግ አይጠፋም፤ የሰው ዳቦ ጨው ጨው እንደሚል ጽፏልና። እኔ ግን የእረኞቹ ናት ባይ ነኝ። ብርዱ ሲገባ በጎቻቸውን እየነዱ እስከ ፑሊያ ሜዳ ድረስ የሚወርዱት፣ ሚስትና ልጅ ተራራው ላይ ትተው ወራቱን በሰው አገር የሚገፉት የእነዚያ ተራሮች እረኞች ነበሩ። ኒውዮርክን ማንም ሳያልማት ስደትን ኖረውታል። ቦቪዮ ከከተማው ድምፅ ሁሉ የእረኛን መሣሪያ መምረጡ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ግጥሙን ነው የማሳያችሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደመወዝህ ካነሰ አነሰኝ በል፣ አለቃህንም ጨምርልኝ በለው። ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር እራት እየበላህ ግን ዳቦው መረረኝ አትበል፤ ደግ አይደለም።