ቀይ ጋላክሲ ሁሉ ያረጀ አይደለም

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ጋላክሲው ቀይ ከሆነ ሩቅ ነው ወይስ ያረጀ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛም አለ፤ አቧራ።

እርግጠኛ የሆነውን ላስቀድም። ዩኒቨርስ ስለሚሰፋ ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን መንገድ ላይ ይለጠጣል። ሬድሺፍቱ (የመለጠጡ መለኪያ) 2.5 ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 3.5 እጥፍ ይሆናል። በ0.4 ማይክሮሜትር የተነሳ ብርሃን እኛ ጋ ሲደርስ 1.4 ይሆናል፤ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ማለት ነው። ያረጁ ከዋክብት የበዙበት ጋላክሲ ደግሞ ከዚችው 0.4 በታች ብርሃኑ በድንገት ይቀንሳል። ስለዚህ በ1.25 ማይክሮሜትር የቴሌስኮፕ ማጣሪያ ደብዝዞ፣ በ2.2 ደምቆ ይታያል። "ሩቅ ቀይ ጋላክሲ" የሚለው ምድብ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ችግሩ፣ አቧራም ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ወጣቱን ጋላክሲ ያቀላዋል። በአንድ ቀለም፣ ማለትም በሁለት ማጣሪያዎች መካከል ባለ የድምቀት ልዩነት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛ ቀለም ይጨመራል፦ አቧራ የሸፈነው ወደ ረጅሙ ሞገድ ሲሄዱም መቅላቱን ይቀጥላል፤ ያረጀው ግን ከዚያች የ0.4 ዝላይ በኋላ ረጋ ይላል። እኔ ይህን ዘዴ በጣም ነው የምወደው።

ከጥናት ጥናት የሚለያየው ያረጀውን ከአቧራማው የሚለየው መስመር ነው። እያንዳንዱ ጥናት እንደ ማጣሪያዎቹ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ድንበሩ ላይ ላረፈ ጋላክሲ ስፔክትረሙን፣ ማለትም ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ዘርዝሮ ማየት ያስፈልጋል።