ፈር ቀዳጅ ምንድን ነው?

በጋዜጣና በሬዲዮ «ፈር ቀዳጅ» ያልተባለ ባለሙያ ማግኘት እየከበደ መጥቷል፤ ቃሉ ከእርሻ ማሳ የወጣ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ፈር ማለት ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚተወው መስመር ነው። በበሬ የሚጎተተው ማረሻችን አፈሩን አይገለብጥም፤ የብረቱ ጫፍ መሬቱን ይቀድዳል፣ ግራና ቀኝ የታሰረው ድግር የሚባለው እንጨት ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስለዚህ «ቀደደ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ የሥራው ትክክለኛ ስም እንጂ ማጋነን አይደለም።

በደረቀ ማሳ ላይ የመጀመሪያውን ፈር የሚያወጣ ገበሬ እርፉን፣ ማለትም የማረሻውን እጀታ፣ ተጭኖ በሬዎቹን ሲነዳ የሚከተለው መስመር የለውም፤ ማቅናት ያለበት በዓይኑ ግምት ብቻ ነው። ሁለተኛው ፈር የመጀመሪያውን ጎን ለጎን ይዞ ስለሚሄድ፣ ያኛው ከተጣመመ ይኼኛውም ይጣመማል። «ነገሩ ፈር ሳተ»፣ «ሥራው ፈር ያዘ» የምንለውም ከዚሁ ነው። በፈርና በፈር መካከል ያልታረሰ አፈር ስለሚቀር ማሳው እየተመላለሰ በአግድምም ይታረሳል፤ ለጤፍማ አራትና አምስት ጊዜ የሚታረስበት አገር አለ። ፈር ቀዳጁ ማሳውን አይጨርስም ማለት ነው።

ከዚህ ስንነሣ፣ ፈር ቀዳጅ ለመባል መቅደም ብቻውን አይበቃም፤ የተቀደደውን መስመር ይዘው የሚያርሱ ሌሎች ሊኖሩ ይገባል። አበበ ቢቂላ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የኦሊምፒክ ባለወርቅ ሆነ። ፈር ቀዳጅ ያሰኘው ግን ከእሱ በኋላ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ወርቅ ማምጣታቸው ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ ምሳሌ በሥነ ጽሑፋችን አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፣ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ያ የአንድ መጽሐፍ ርእስ ዛሬ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከዚህ የበለጠ የጠለቀ ፈር ከየት ይገኛል? ይኸው ሰው በኋላ ከጣሊያን ወራሪዎች ጋር መተባበሩም የታወቀ ነው። ፈር ቀዳጅ የሚለው ስም ሥራውን ይመሰክራል እንጂ ለጠባዩ ዋስ አይሆንም።

ጎረቤት ቃላቱ ሌላ ሌላ ምስል አላቸው። ፋና ብርሃንም ዱካም ስለሆነ «ፋና ወጊ» ስንል ከልፋቱ ይልቅ ለሌሎች የታየውን ብርሃን እናስባለን። «ፊታውራሪ» ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፤ የፊተኛውን ጦር የሚመራ አዛዥ ማዕርግ ስለነበር ከኋላው ሠራዊት እንዳለ የታወቀ ነው፤ ፈር ቀዳጁ ግን ተከታይ ይኑረው አይኑረው ገና አያውቅም። «አቅኚ» ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባዶ መሬት አልምቶ ለሰፈረ ሰው መልካም ቃል ነው፤ «አገር ማቅናት» ግን የሰው አገር በጦር መያዝንም ሲገልጽ ስለኖረ፣ አገሩ «ቀና» በተባለበት ሕዝብ ጆሮ እንደ ሙገሳ ላይሰማ ይችላል።

የሚያስገርመው ቅርቡና ግልጹ ቃል፣ «ጀማሪ»፣ ለዚህ አለማገልገሉ ነው። አዲስ ነገር የጀመረን ሰው «ጀማሪ» ብንለው ገና ሥራውን ያልለመደ ማለታችን ይመስለዋል፤ «ጀማሪ መምህር»፣ «ጀማሪ ሹፌር» እንደምንለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ለከፈተ ሰው ከማሳው ቃል እንበደርለታለን፣ ትናንት ለተቀጠረው ደግሞ «ጀማሪ»ን እንተውለታለን።