ካረጀ ዕቃ የሚያምር ቤት፦ በሐረርና በድሬዳዋ

ሌላ ቦታ ሲያገለግል የኖረ እንጨት፣ ብረት ወይም ጨርቅ ሳይጣል ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። በርሜሉ ጠረጴዛ ይሆናል። ጎማው መቀመጫ ይሆናል። የወተት ዱቄት ጣሳው አበባ ይተከልበታል። አሁን አሁን እንደ አዲስ ነገር ሲወራ እሰማለሁ፣ እኛ ምሥራቅ ያለን ሰዎች ግን ስም ሳናወጣለት ኖረንበታል። ይህን መማር የሚፈልግ ሰው ስልኩን አስቀምጦ መጀመሪያ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው የድሮው ሐረር፣ አንድ ቤት ገብቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ሲሠራም ሲዋብም ከሩቅ የሚመጣ ነገር ብዙም አይፈልግም። ግድግዳው የአካባቢው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው እንጨት ተጋድሞበት ከላይ በአፈር ይደፈናል፤ ግድግዳው ሲያረጅ ኖራ ይቀባል፣ አለቀ። ሶፋ የለም። በሶፋ ፈንታ ከወለሉ ከፍ ብለው የተሠሩ አምስት ነደባዎች አሉ፣ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጥባቸዋል። ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን በረድፍ ይሰቀላል፣ ድግስ ሲመጣ ወርዶ የሚያገለግል አለበት። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የተከበረው ግንቡ ብቻ አይደለም፣ ይህ የቤት አያያዝም ጭምር ነው።

ጨርቅ ከፈለጋችሁ ጀጎል ውስጥ ማኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ሂዱ። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲረግጡ ጠባቡ መንገድ በሙሉ ይንጫጫል። እግራቸው ሥር ቁርጥራጭ ይከመራል። አንዱን "ይሄን ትጥለዋለህ?" ብዬ ስጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል "አቦ ውሰጂው!" አለኝ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ በቀለም ለየሁት፣ መዳፍ የሚያክለውን ለትራስ ልብስ ቀጣጠልኩት፣ ትንንሹን ለመሙያ አስቀረሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሙያው በደንብ ደቅቆ ካልተቆራረጠ ይጎረብጣል። በወሩ ደግሞ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ይሆናል። ጥጥ ቀላቅሉበት። ናይለን የሆነውን አውጡት፣ ያሞቃል።

ከጀጎል ወጣ ብሎ በአስመዲን በሪ፣ ማለትም በሸዋ በር በኩል፣ ቀጥቃጮቹ አሉ። ጣሳና በርሜል አስተካክለው ምድጃና የቤት ዕቃ ያወጡበታል። ከዘይት ጣሳ የመብራት ሽፋን መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ ጣሳውን በእርጥብ አሸዋ ጠቅጥቆ ሞልቶ ከውጭ በምስማር መብሳት። አሸዋው ከውስጥ ስለሚይዘው ቆርቆሮው አይጨረመትም። ሲበራ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ነጠብጣብ ብርሃን እንዴት ደስ ይላል! አምፖሉ የማይግል ኤልኢዲ ይሁን፣ ሽቦውን ግን ኤሌክትሪሻን ያስገባው።

55 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ድሬ ስትገቡ ዕቃውም ይለወጣል። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፣ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ከዚያ ወዲህ ከወደብ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ሳጥኑን፣ ፓሌቱን (ዕቃ የሚደረደርበትን የእንጨት ርብራብ) እና በርሜሉን ጥሎላት ያልፋል። ብየዳውም ጥሩ ነው። የፓሌት እንጨት ለመደርደሪያና ለግቢ መቀመጫ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ማኅተሙን እዩ። ኤችቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። ኤምቢ (MB) የሚል ከሆነ በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤታችሁ አታስገቡት። ምስጥ የበላውንም አታስገቡ፣ ለቀረው ዕቃችሁ ይተርፋል። ኬሚካል የነበረበት በርሜልም ቢታጠብ ባይታጠብ ይቅርባችሁ። የድሮ ቀለም ያለበት በርና መስኮት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ አስነክታችሁ ፈትጉት፣ ልጆች አጠገቡ አይኑሩ።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጎማ በገመድ ተጠምጥሞ መቀመጫ ሲሆን ያምራል። ደጅ ተጥሎ ውኃ ሲቋጥር ግን ቀን ቀን የምትናከሰው ትንኝ ትራባበታለች። በ2006 ዓ.ም. ያቺው ትንኝ የምታስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ድሬ ገባ፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ከተማውን በሙሉ አልጋ ላይ ጣለው፣ መገጣጠሚያችንን እንዴት እንዳደረገን የድሬ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ አበባ ልትተክሉበት ከሆነ ታችኛውን ጎን ብሱትና እስከ ጫፉ አፈር ሙሉት። ጣሳና ጀሪካንም እንዲሁ። ፀሐይ ላይ የሚውል ጎማ ስለሚሸት ጥላ ሥር አድርጉት።

አንድ የሚያስከፋኝ ነገር አለ። ያገለገለ ዕቃ ሲወደድ ዓይን የሚያርፈው የተጣለው ላይ ብቻ አይደለም። ሐረር ላይ አንድ ሻጭ የተቀረጸ አሮጌ የእንጨት በር አሳየኝ፣ ጠረጴዛ ይወጣዋል ብሎ። እውነትም ይወጣዋል። "የማን ቤት ነበር?" ስለው ወሬ ቀየረ። ትቼው ሄድኩ። የጀጎል በር ቤቱ ላይ ቆሞ እያለ ትርፍራፊ አይደለም። በድሮው የራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ዓመታት ሙሉ የሐረርን ቅርስ የሰበሰቡት ተበታትኖ እንዳይጠፋ ነው፣ የሳሎን ጌጥ እንዲሆን አይደለም።

በሩ ላይ የተቀረጸውን አበባ ግን ፎቶ አንስቼው ነበር። አንድ ድሬ ያለ አናጢ ከተሰበረ ቁም ሣጥን በወጣ ጣውላ ላይ ቀረጸልኝ፤ ሦስት ቀን ፈጀበት፣ አንዱን ቅጠል ስቶ ሁለቴ መላግ ነበረበት። አሁን አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው። የተሳተው ቅጠል በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ጎድጎድ ይላል።