«ሲት ዳውን» ስድብ አይደለም

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ያሰለቸኝ እርማት የለም። ክፍል ውስጥ «ሲት ዳውን፣ ፕሊስ» ባልኩ ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣና፣ ለሰው የሚባለው «ቴክ ኤ ሲት» መሆኑን፣ «ሲት ዳውን» ግን ውሻ የሚታዘዝበት ቃል መሆኑን ያስረዳኛል።

ከውሻው ልጀምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ውሻቸው እንዲቀመጥ ሲፈልጉ በአብዛኛው የሚሉት «ሲት» ብቻ ነው፤ «ዳውን» እንዲተኛ የሚሰጥ ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ሁለቱን አጣምሮ የሚናገር ሰው እንስሳውን ግራ ያጋባል።

የስሕተቱ ሥር ያለው ግን ክብርን ሐረጉ ውስጥ መፈለጋችን ላይ ነው። እኛ «ተቀመጥ» እና «ይቀመጡ» እያልን ክብሩን በግሱ ላይ ስለምናሳይ፣ እንግሊዝኛም አንዱን ሐረግ ለአንቱታ፣ ሌላውን ለአንተታ የመደበ ይመስለናል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ሕፃኑንም አዛውንቱንም የሚጠራው በዚያው በ«ዩ» ስለሆነ፣ አክብሮቱ የሚታወቀው በድምፅ ቃና፣ በ«ፕሊስ» እና በተነጋጋሪዎቹ ቅርበት ነው። የደከመች እናቱን «ሲት ዳውን፣ ማም» ብሎ ዕቃውን ማጠብ የሚጀምር ልጅ ከፍቅር በቀር የተናገረው ነገር የለም። በአንጻሩ አለቃ በሩን አስዘግቶ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ቴክ ኤ ሲት» ቢል፣ ሠራተኛው መልካም ወሬ እንደማይጠብቀው ይገባዋል። «ሲት ዳውን» የሚያስቀይመው በቁጣ ሲወረወር፣ ወይም በመናገር ላይ ያለን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲውል ነው። በእርግጥ ለማያውቁት እንግዳ «ሃቭ ኤ ሲት» ይለሰልሳል፤ ከእኛ «አረፍ ይበሉ» ጋር የሚቀራረበውም እርሱ ነው። «ፕሊስ ቢ ሲትድ» ለችሎትና ለጉባኤ የሚስማማ ስለሆነ፣ ቤትዎ የመጣን ጓደኛ እንዲያ ቢሉት ይስቅብዎታል።

«ቴክ» ሁልጊዜ «ውሰድ» አይደለም። እንዳርመው በተሰጠኝ አንድ የፊልም ትርጉም ውስጥ የሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ታካሚውን «ወንበር ይውሰዱ» ትለው ነበር፤ የተባለው ግን «ቁጭ ብለው ተራዎን ይጠብቁ» ነው። ሐረጉ ወደ ምክር ቤት ሲገባ ደግሞ ሥራ መጀመርን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1918 ለብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ሴት ኮንስታንስ ማርኪየቪች በብሪታንያ ምክር ቤት ላለመቀመጥ የወሰነው የአየርላንዱ ሲን ፌን ፓርቲ አባል ስለነበረች መቀመጫዋን አልያዘችም። በዚህም የተነሣ በ1919 የገባችው ናንሲ አስተር መቀመጫዋን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይህን ታሪክ «ወንበሯን አልወሰደችም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስለ ቤት ዕቃ የሚያወራ ይመስላል።

«ሲት» በፊደላችን አንድ ቢመስልም ሁለት ቃል ነው፤ አናባቢው አጭር የሆነው «ተቀመጠ»፣ ረዘም የሚለው ደግሞ «መቀመጫ» ነው። «ዳውን» የሚከተለው አጭሩን ብቻ ነው።

በመጨረሻም የእኛ «ተቀመጠ» «ኖረ» ማለትም ስለሆነ፣ «የት ነው የምትቀመጠው?» ለማለት «ዌር ዱ ዩ ሲት?» የሚሉ አሉ። ለመኖሪያ የሚሆነው «ሊቭ» ነው፤ አለዚያ የሚያገኙት መልስ «ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል» የሚል ይሆናል።