ወታደራዊ ወጪ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይነጻጸራል?

ወታደራዊ ወጪ ማለት አንድ አገር ለጦር ኃይሉ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጣጣው የሚመጣው «ለጦር ኃይሉ» በሚለው ውስጥ ምን ምን ይገባል ሲባል ነው። የጡረተኛ ወታደር አበል ይቆጠራል? የድንበር ጠባቂ ፖሊስስ? የኑክሌር መሣሪያ ወጪ በኢነርጂ መሥሪያ ቤት በጀት ውስጥ ከሆነስ? አሜሪካ ውስጥ ነገሩ እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ መልስ አለው። ስለ አንድ አገር፣ ለአንድ ዓመት፣ ሁለት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች የምንሰማውም ለዚህ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብዛት የሚጠቀሰው የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ጥናት ተቋም፣ በአጭሩ ሲፕሪ፣ የሚያወጣው ቁጥር ነው። በእሱ ስሌት ዓለም በ2024 ለጦር ያዋለችው 2.718 ትሪሊዮን ዶላር ነው። የዋጋ ንረት ተቀንሶለት እንኳ ከ2023 በ9.4 በመቶ ይበልጣል። አሜሪካ ብቻዋን 997 ቢሊዮን አውጥታለች። ቻይና በግምት 314 ቢሊዮን፣ ሩሲያም በግምት 149 ቢሊዮን፣ ጀርመን 88.5 ቢሊዮን፣ ህንድ 86.1 ቢሊዮን ዶላር ይከተላሉ። አምስቱ ተደምረው የዓለምን ወጪ 60 በመቶ ይይዛሉ። ለዓለም ሕዝብ እኩል ቢካፈል ለአንድ ሰው 334 ዶላር ይደርሰዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ለረጅም ዘመን ጦር የሚተዳደረው በምርኮ፣ በግብርና በመሬት ስጦታ ነበር። ዛሬ የምናውቀው መንገድ ግን ተበድሮ መዋጋት፣ ከዚያ በግብር ቀስ እያሉ መክፈል ነው። ይህ ቅርጽ የያዘው በእንግሊዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ኔዘርላንዶች ቀድመው ጀምረውታል የሚሉም አሉ።

በ1694 ንጉሥ ዊሊያም 3ኛ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጥሞ ካዝናው ተራቁቶ ነበር። ባለሀብቶች ተሰባስበው 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ አበደሩት። በምላሹ ባንክ የማቋቋም ፈቃድ አገኙ። የእንግሊዝ ባንክ የተወለደው እንዲህ ነው። የገቢ ግብርም ከዚያው ቤት ነው የወጣው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፒት በ1799 ያስጀመረው ፈረንሳይን ለመዋጋት ነበር። አሜሪካም በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቷ ሲፈነዳ ያንኑ አደረገች። «ለጊዜው» ተብሎ የመጣ ግብር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ የ1914ቱ ብድር ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደጀመረ የብሪታንያ መንግሥት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ከሕዝብ ለመበደር የጦር ቦንድ አወጣ። ቦንዱ ከተፈለገውም በላይ ተሽጧል ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። እውነቱ ሌላ ነበር። ከሕዝብ የተሰበሰበው 91 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሲሶ እንኳ አልሞላም። ይህ ቢሰማ ጠላት ይፈነጥዛል፣ ቀጣዩን ብድርም የሚገዛ ይጠፋል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ የእንግሊዝ ባንክ ራሱ ተደብቆ ገዛ። ያውም በራሱ ስም አይደለም። ቦንዱ የተመዘገበው በዋና ገንዘብ ያዡና በምክትሉ የግል ስም ነው። በሒሳብ መዝገቡም ከመንግሥት ሰነዶች ጋር መቀመጡ ቀርቶ «ሌሎች ሰነዶች» በሚል ርዕስ ሥር ገባ። ተመራማሪዎች የባንኩን አሮጌ መዛግብት አገላብጠው ይህን ይፋ ያደረጉት በ2017 ነው።

የዚያ ጦርነት ዕዳ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። በ1917 በ5 በመቶ ወለድ ሌላ ትልቅ ብድር ወጣ። በ1932 ወለዱ ወደ 3.5 በመቶ ወረደ፤ የመክፈያ ቀን ግን አልተቆረጠለትም። መንግሥት ዋናውን ከፍሎ የገላገለው በማርች 2015 ነው። ያኔ ሰነዱ በእጃቸው የነበረ ባለገንዘቦች ከ120 ሺህ ይበልጡ ነበር።

ጀርመን ደግሞ በ1930ዎቹ ሌላ ዘዴ ዘየደች። የማዕከላዊ ባንኩ ኃላፊ ሂያልማር ሻኽት ሜፎ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ራይሽስማርክ ብቻ፣ ሥራውም በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። የጦር መሣሪያ አምራቾች በጥሬ ገንዘብ ፋንታ በሜፎ የሐዋላ ወረቀት ይከፈላቸዋል። ወረቀቱን ማዕከላዊ ባንኩ ይመነዝረዋል። ከ1934 እስከ 1938 በዚህ መንገድ 12 ቢሊዮን ራይሽስማርክ ገደማ ወጣ። በመንግሥት በጀት ላይ ግን አይታይም። አንድን አገር በይፋ በጀቱ ብቻ መመዘን ለምን እንደማያዛልቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከበጀት ውጭ የሚደረግ ነገር ሁሉ ግን ድብቅ አይደለም። ቺሊ ከ1958 ጀምሮ በሕግ የመዳብን ገቢ ከጦሩ ጋር አስራ ነበር። በኋላ የመንግሥቱ የመዳብ ኩባንያ ወደ ውጭ ከሚሸጠው 10 በመቶው ለጦር ኃይሉ ይሄድ ጀመር። የመዳብ ዋጋ ሲወጣ የጦሩም ኪስ ይወፍራል። ሕጉ የተሻረው በ2019 ነው። ጀርመን በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ አቋቋመች። በ2025 ደግሞ ከጂዲፒ (ከአገሪቱ ጠቅላላ ዓመታዊ ምርት) 1 በመቶ በላይ የሆነው የመከላከያ ወጪ ሕገ መንግሥቷ ለመንግሥት ከጣለው የብድር ገደብ ነፃ እንዲሆን ወሰነች።

ቆጣሪዎቹ

የመጀመሪያው ከባድ ሙከራ የመንግሥታቱ ማኅበር ነበር። ከ1924 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ዓመታዊ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀመረበት ሰሞን ግን ቀረ።

ሲፕሪ የተመሠረተው በ1966 ነው። ሐሳቡን ያመነጩት የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ታጌ ኤርላንደር ሲሆኑ፣ አገራቸው 150 ዓመት ያለ ጦርነት መኖሯን ለማስታወስ ነበር። ተቋሙ የሚሠራው ለሁሉም ክፍት በሆኑ ሰነዶች ብቻ ነው፤ ከስለላ የመጣ ቁጥር አይቀበልም። ለመንግሥታት መጠይቅ ይልካል፣ በጀት ያነባል፣ ያጣራል። ደግነቱ የማያውቀውን አይደብቅም። ሰንጠረዡን ከፍታችሁ እዩት። ተቋሙ ራሱ የገመተው ቁጥር በሰማያዊ ተጽፏል። በጣም የሚያጠራጥረው በቀይ ነው። መረጃ ከሌለ ሁለት ነጥብ ብቻ ይቀመጣል። በዚያን ዓመት ያልነበረ አገር ደግሞ ሦስት የኤክስ ምልክት ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ትልቁን ድምር ብቻ ቀድቶ ይሄዳል እንጂ የዚህ ሥራ ክብሩ ያለው በግርጌ ማስታወሻዎቹ ውስጥ ነው። የጡረታ አበልን ይቆጥራል፣ ለጦር የሠለጠነ ታጣቂ ፖሊስን ይቆጥራል፣ ወታደራዊ ምርምርን ይቆጥራል። የቀድሞ ጦርነት ዘማቾች ድጎማንና የሲቪል መከላከያን አይቆጥርም።

በ1958 የተቋቋመው የለንደኑ ዓለም አቀፍ የስትራቴጂ ጥናት ተቋምም በየዓመቱ የራሱን ቁጥር ያወጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በበኩሉ በ1980 አገራት የሚሞሉት ቅጽ አዘጋጀ። ወጪው በአንድ በኩል ደመወዝ፣ ግዢ፣ ምርምር እየተባለ፣ በሌላ በኩል ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይል እየተባለ ይሞላል። ጥሩ ቅጽ ነው፤ አብዛኞቹ አባል አገራት ግን አይሞሉትም።

የሶቪየት እንቆቅልሽ

የንጽጽር ሳይንስ የተፈተነው በቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ሶቪየት ኅብረት በየዓመቱ አንድ መስመር ቁጥር ታወጣ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በ17 እና በ20 ቢሊዮን ሩብል መካከል የቆመ። ያን የሚያምን አልነበረም። የአሜሪካው ሲአይኤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። ታንኩን፣ መርከቡን፣ ሚሳይሉን፣ ወታደሩን ይቆጥራል። ከዚያ «ይህን ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ብናደርገው ስንት ይፈጅብን ነበር?» ብሎ በዶላር ይተምነዋል።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በግዳጅ የተመለመለ የሶቪየት ወታደር ደመወዙ ኪስ የማይሞላ ነበር። በዚህ ስሌት ግን በአሜሪካ ወታደር ደመወዝ ይታሰባል። የአሜሪካ ኮንግረስ ለራሱ ወታደሮች ደመወዝ ሲጨምር የሞስኮ «ወጪ» በዚያው ልክ ያድጋል። ሞስኮ ውስጥ ምንም ሳይደረግ! ተቺዎች በዚህ ብዙ ተሳልቀዋል፤ ትክክልም ነበሩ።

በ1976 ሌላ ነገር ተከሰተ። ሲአይኤ ጦሩ ከሶቪየት ኢኮኖሚ የሚወስደውን ድርሻ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይል ከነበረበት ወደ 11 እስከ 13 በመቶ አሳደገው። የታንኩ ብዛት ያው ነው። የተለወጠው ታንኩ በሩብል የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ከተገመተው በላይ አባካኝ ሆነው ተገኙ። ጦሩ ስላልጨመረ ብዙዎች የሶቪየት አቅም በእጥፍ አደገ ብለው መደንገጣቸው ስህተት ነበር። በ1989 ሚካኤል ጎርባቾቭ በሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ፊት ወጪው 77.3 ቢሊዮን ሩብል መሆኑን ተናገሩ። በይፋ ይባል የነበረው 20.2 ቢሊዮን ነበር።

ምንዛሬና በመቶኛ

ዛሬም ትልቁ ክርክር ምንዛሬ ነው። ሲፕሪ በገበያ ምንዛሬ ወደ ዶላር ይለውጣል። ሌሎች የመግዛት አቅምን ማየት ይሻላል ይላሉ። ደመወዝ ርካሽ በሆነበት አገር አንድ ዶላር ብዙ ወታደር ያበላል። ከውጭ ለሚገዛ ተዋጊ አውሮፕላን ግን ያው ዶላር ዶላር ነው። ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ይዟል። ቻይና ላይ ይህ ክርክር ይጦዛል። ቤጂንግ ለ2024 ያወጀችው በጀት 1.67 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ ነው፤ ወደ 230 ቢሊዮን ዶላር። የሲፕሪ 314 ቢሊዮን ታጣቂ ፖሊስንና ከመከላከያ በጀት ውጭ ያለ ምርምርን ስለሚጨምር ነው የሚበልጠው። ከዚያም በላይ የሚገምቱ አሉ። የትኛው ለእውነት እንደሚቀርብ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል።

የምንዛሬን ጣጣ ለመሸሽ ብዙዎች ወጪውን ከጂዲፒ በመቶኛ ያሰሉታል። በ2024 ዩክሬን 34 በመቶ፣ እስራኤል 8.8፣ ሩሲያ 7.1፣ አሜሪካ 3.4 በመቶ ነበሩ። ይህ የሸክምን ክብደት ያሳያል፤ ጉልበትን አያሳይም። ጃፓን በ1976 ከ1 በመቶ አልበልጥም ብላ ለራሷ ገደብ አበጀች። ኢኮኖሚዋ እያደገ ስለነበር በዚያው 1 በመቶ ብዙ ገዛችበት።

ኔቶ በ2014 ዌልስ ላይ አባላቱ ወደ 2 በመቶ እንዲሄዱ ሲያስማማ ልኩን የሞሉት አሜሪካ፣ ብሪታንያና ግሪክ ብቻ ነበሩ። ግሪክ ያኔ በዕዳ ቀውስ ውስጥ ሆና የጦር ወጪዋን እየቆረጠች ነበር። ኢኮኖሚዋም አብሮ ስለወረደ መቶኛው ከ2 በላይ እንደቆመ ቀረ። ብሪታንያም ብትሆን 2 በመቶን ላለመልቀቅ የጦር ጡረታን የመሰሉ ቀድሞ ያልቆጠረቻቸውን ወጪዎች መጨመር ጀመረች። የኔቶ ደንብ ይፈቅዳል፤ ለጦሩ ግን አንድ ጥይት አልጨመረም። በ2025 ሄግ ላይ ግቡ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ ሆነ። 3.5ቱ ለዋናው ጦር፣ 1.5ቱ መንገድና ድልድይን ለመሰሉ ተያያዥ ነገሮች ነው። ጣሊያን ውስጥ ወዲያው ሲሲሊን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው የመሲና ድልድይ በዚህ ይቆጠር ይሆን ወይ የሚል ወሬ ተነሣ።

ሠራዊት የሌላቸውስ? ኮስታሪካ በ1948 ጦሯን በትናለች፤ በቀጣዩ ዓመት በሕገ መንግሥቷ አጸናችው። አይስላንድ ደግሞ የኔቶ መሥራች አባል ናት። ሠራዊት ስለሌላት ግን በኅብረቱ የወጪ ሰንጠረዥ ውስጥ ረድፍ የላትም። አባላቱ 32 ናቸው፤ ሰንጠረዡ ላይ 31 አገር ነው ያለው።