የአውቶማቲክ ካምቢዮ «ስሊፕ» ምንድን ነው?

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ስሊፕ የሚባለው፣ ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ መኪናው ግን በዚያው መጠን ፍጥነት ሳይጨምር ሲቀር ነው። ሞተሩ ያመነጨው ጉልበት ካምቢዮው ውስጥ ይባክናል እንጂ ጎማው ዘንድ በሙሉ አይደርስም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተሠራ ባለ አራት ማርሽ ቶዮታ ኮሮላ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ችግሩን በቀላሉ ያውቀዋል፤ ዳገቱ ለቀቅ ብሎ ካምቢዮው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ለአፍታ ይጮኻል፣ የዙር ቆጣሪው ሽቅብ ይዘላል፣ መኪናው ግን ቆይቶ ነው የሚጎተተው።

ይህን ከሞተር ድክመት መለየት ያስፈልጋል። ካንዴላው የደከመ፣ የነዳጅ ፊልትሮው የቆሸሸ ወይም ማርሚታው የታፈነ መኪናም ዳገት ላይ ይለግማል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ዙሩ ራሱ አልወጣም ይላል። በሌላ በኩል ኮምፒውተሩ ብልሽት አግኝቶ ካምቢዮውን በአንድ ከፍተኛ ማርሽ ላይ ሲያስቀረው መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፣ ይህም ስሊፕ አይደለም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም በማለት ይታወቃል፤ ስለዚህ መብራቱ እንዲህ ከሆነ ከሁሉ በፊት የኮምፒውተሩ ኮድ ይነበብ።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙና የሚለቁ በርካታ የፍሪሲዮን ጥቅሎች አሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ሸራ የለበሱና ልሙጥ የብረት ዝርግ ክቦች ተፈራርቀው የተደረደሩበት ሲሆን፣ በፓምፑ የተገፋ ዘይት አንድን ፒስተን ገፍቶ እርስ በርሳቸው ሲያጣብቃቸው ማርሹ ይያዛል። የዘይቱ ግፊት ካነሰ፣ ፒስተኑን የሚያሽገው ጎማ ደርቆ ዘይት ካሳለፈ ወይም ሸራው ካለቀ፣ ክቦቹ ከመያዝ ይልቅ ይፋተጋሉ። ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ሸራውን ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ሸራ ደግሞ ዘይቱን አጥቁሮ ቀጫጭን የዘይት መተላለፊያዎችን ይዘጋል። ዛሬ የዘይት ማነስ ብቻ የነበረው ችግር በቸልታ ሲነዳ የከረመ እንደሆነ እውነተኛ የፍሪሲዮን ቃጠሎ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ስሊፕ የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት ነው። ዘይቱ ሳይለካ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ፍርድ መቀበል አይገባም፤ ባለመኪናው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው በዚህች ችኮላ ነውና።

የዘይት ልኬቱም ሥርዓት አለው። መኪናው በደንብ ተነድቶ የካምቢዮው ዘይት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ፣ የማርሹ እጀታ ከፒ (ማቆሚያ) እስከ ኤል (ዝቅተኛ ማርሽ) በየቦታው እየቆመ ሄዶ ወደ ፒ ይመለሳል። ከዚያ የመለኪያ ዘንጉ ወጥቶ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይወጣል፣ ዘይቱም «ሆት» በሚለው ምልክት ክልል ውስጥ መገኘት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ የተለካ ልኬት ያሳስታል። ዘንጉን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ሌላ ወሬ ይሰጣል፦ ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ዘይት ደህና ነው፤ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ሸራው እንደተጎዳ ይናገራል፤ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ሮዝ ቀለም ካለው ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በጣም አሳሳቢ ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ በብዙ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ዝጎ ቱቦው ከተበሳ ውሃው ካምቢዮ ውስጥ ይገባል፣ የሸራውንም ማጣበቂያ ያላቅቃል።

ዘይቱ ልክ ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስሊፑ መቼ እንደሚመጣ ነው። ጠዋት በብርድ ታይቶ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ የደረቀ ማሸጊያ ጎማ ይጠረጠራል፤ ጎማው ሲሞቅ ለስለስ ብሎ ያሽጋልና። በተቃራኒው ጠዋት ደህና ሆኖ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚጀምር ከሆነ፣ ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን በለፋ ፓምፕ ወይም በላላ ቫልቭ በኩል ግፊቱ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚንሸራተት መኪና ጥፋቱ ሁሉን በሚመግበው ግፊት ላይ ነው፤ የዘይት ፊልትሮው መታፈን የሚጠረጠረውም በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚንሸራተት ግን ያንን ማርሽ በሚይዘው ፍሪሲዮን ወይም እሱን በሚያዘው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ቫልቭ) ላይ ችግር እንዳለ ያመለክታል።

ያለ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል አንድ ጥሩ ፍተሻም አለ። የሞቀው መኪና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ከኤን (ፎሌ) ወደ ዲ (ወደ ፊት መሄጃ) ሲገባ መኪናው ንቅንቅ እስኪል ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካል። በዚያ ዘመን የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ ወደ ዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ በየሙከራው መካከል አንድ ደቂቃ እየቆዩ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው። ፍሬን ይዞ ነዳጅን እስከ መጨረሻው የሚያስረግጠው ሌላው ሙከራ ግን ከ5 ሰከንድ ማለፍ የሌለበትና አደገኛ በመሆኑ ለባለሙያ ይተው። ባለሙያውም ቢሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ እንደሚቀንስ አስቦ፣ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ያነሰ ዙር ቢያገኝ ወዲያው ካምቢዮውን መክሰስ የለበትም።

«ዘይቱ ስለተቀየረ ካምቢዮው ሞተ» የሚለው አባባል ብዙዎችን ዘይት ከመቀየር አስፈርቷል። ብዙውን ጊዜ እውነቱ ሌላ ነው፤ ዘይት የሚቀየረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ያለቀው ሸራ ጥፋት በአዲሱ ዘይት ላይ ይላከካል። ሆኖም ለዓመታት ያልተነካ ዘይትን በማሽን ግፊት ማጠብን አልመክርም። ያለውን አፍስሶ በዚያው ልክ መሙላትና ከተወሰነ ጉዞ በኋላ መድገም ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ሲፈስ ከፊሉ ዘይት የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራልና። የዘይቱ ዓይነትም በግምት አይመረጥም፤ ዴክስሮን የታዘዘለት፣ ቲ-4 የታዘዘለትና ደብሊው ኤስ የታዘዘለት የቶዮታ ካምቢዮ የተለያዩ ናቸው።

ዘይቱ ሲፈስ የካምቢዮው የታችኛው ዘይት መያዣ ይከፈት። ውስጡ ባሉት ማግኔቶች ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ መገኘቱ የተለመደ የዕድሜ ምልክት ስለሆነ ማግኔቶቹ ይጠረጋሉ፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ መኪናውም ተሞክሮ ይታያል። የብረት ቅርፍት ወይም የሸራ ቁርጥራጭ ከተገኘ ግን ዘይት አያድነውም፤ ያን ጊዜ ካምቢዮውን አውርዶ ማሳደስ ወይም ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መግዛት ነው። የሚገዛውም ካምቢዮ ዘይት መያዣው ተከፍቶ ማግኔቱ ሳይታይ ዋጋ መቆረጥ የለበትም።